ስግደቱ ለማን ነው? ግእዝ ያቆያቸው መጻሕፍትና የክርስትና እምነት አነሳስ

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6 የተጻፈውን የአንድ አምላክ አዋጅ ጠዋትና ማታ ከሚደግም ሕዝብ መካከል የተነሡ ሰዎች፣ በሮማውያን እጅ ተሰቅሎ ለሞተ ሰው እንዴት ሊሰግዱ ቻሉ? የአባቶቻቸውን አምላክ ክደው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። እነሱ ግን አልካዱም። ጳውሎስ በ50ዎቹ ዓመታት በጻፋቸው መልእክታት ጣዖት ከንቱ እንደሆነ፣ ከአንዱ በቀር አምላክ እንደሌለ አጥብቆ ይሟገታል፤ ብዕሩን ሳያነሣ ደግሞ ነቢያት ለእግዚአብሔር ብቻ የተናገሩትን ለኢየሱስ ይሰጣል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለዚህ እንቆቅልሽ ሁለት መልሶች ሲሰጡ ኖረዋል። አንደኛው፣ ሰውን አምላክ ማድረግ የግሪክና የሮም ልማድ ስለሆነ እምነቱ ከአረማውያን ተወስዶ በአንድ አይሁዳዊ መምህር ላይ የተደረበ ነው ይላል። ሁለተኛው፣ ከዚያ በፊት ምንም መንደርደሪያ አልነበረውም፤ እንደ መብረቅ ድንገት ወረደ ይላል። እኔ የምከራከረው ሁለቱም የአይሁድን ሰማይ በደንብ ሳያዩ የተሰጡ መልሶች ናቸው ብዬ ነው። እምነቱ የበቀለው ከአንድ አምላክ አምልኮው ከራሱ ውስጥ ነው፤ አዲስ የሆነው ስለ ሰማይ የተነገረው ሐሳብ ሳይሆን በምድር የተጀመረው ሥርዓት ነው። ለዚህ ዋና ዋናዎቹን ምስክሮች ያቆየልን ደግሞ ግእዝ ነው።

አንድ አምላክ ማምለክ ሲባል የዛሬ አንባቢ ሐሳቡ ቶሎ ወደ ቁጥር ይሄዳል፤ በሰማይ ያለው ስንት ነው ብሎ ይጠይቃል። የጥንት አይሁድ ሰማይ ግን ባዶ አልነበረም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ግድም በዕብራይስጥ የተጻፈውና ሙሉ ሆኖ በግእዝ ብቻ የተረፈው መጽሐፈ ኩፋሌ፣ መላእክትን በየማዕረጋቸው ይዘረዝራል፤ ለሙሴ በሲና ተራራ ታሪኩን የሚነግረውም የገጽ መልአክ ነው። ይኸው መጽሐፍ እግዚአብሔር በአሕዛብ ሁሉ ላይ መናፍስትን እንደሾመ፣ በእስራኤል ላይ ግን ማንንም ሳይሾም ራሱ ገዥ እንደሆነ ያስተምራል። ስለዚህ ድንበሩ የተሠመረው የሰማይ ነዋሪዎችን ቁጥር በመቀነስ አይደለም፤ መሥዋዕትና አምልኮ ለማን ይገባል በሚለው ላይ ነው። ይህ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለፈጣሪ ብቻ የሚቀርበውን የአምልኮ ስግደት፣ ለእመቤታችን፣ ለመላእክትና ለቅዱሳን ከሚቀርበው የጸጋ ስግደት ለይታ የምታስተምረው በዚሁ መንገድ ነው። ሥርዓትን ከቁጥር አስቀድሞ ማየት ለሌላም እምነት ይሠራል። የደቡብ ኦሞ ሐመሮች፣ ሽማግሌዎቻቸው ተሰብስበው ቡና በአፋቸው እየረጩ ባርጆን ይጠራሉ። ባርጆ አምላክ ነው ወይስ በረከት፣ አንድ ነው ወይስ ብዙ ብሎ ከውጭ የሚጠይቅ ሰው የሚያገኘው የራሱን ጥያቄ ማስተጋቢያ ነው፤ ማን እንደሚጠራው፣ መቼና በምን ሥርዓት እንደሚጠራው ልብ ያለ ግን ብዙ ይማራል።

በዚህ ዓይን ወደ መጽሐፈ ሄኖክ እንምጣ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ቆይታው በኋላ በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ አውሮፓ እስኪገባ ድረስ፣ የምዕራቡ ዓለም ሊቃውንት ይህን መጽሐፍ የሚያውቁት በጥቅስና በቁርጥራጭ ብቻ ነበር። ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፤ ጀርመናዊው አውጉስት ዲልማን ደግሞ በ1851 የግእዙን ንባብ አሳተመ። ከመጽሐፉ 108 ምዕራፎች ለጉዳያችን የሚያስፈልገው ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው፣ የሄኖክ ምሳሌዎች የሚባለው ክፍል ነው። እዚያ ሄኖክ፣ ርእሰ መዋዕል የተባለውንና ራሱ እንደ ነጭ ሱፍ የሆነውን አምላክ፣ ከእርሱም ጋር መልኩ ሰው የሚመስል ሌላ አካል ያያል። ይህ የሰው ልጅ ስሙ ፀሐይና ከዋክብት ሳይፈጠሩ በእግዚአብሔር ፊት ተጠርቷል፤ እስከ ፍርድ ቀን ተሰውሮ ይቆያል፤ ከዚያ በክብር ዙፋን ተቀምጦ በነገሥታትና በኃያላን ላይ ይፈርዳል፤ በምድር የሚኖሩም ሁሉ በፊቱ ይወድቃሉ። ሥሩ በዳንኤል ምዕራፍ 7 ያለው ራእይ እንደሆነ ግልጽ ነው። ሆኖም በዳንኤል በደመና መጥቶ መንግሥት የሚቀበለው አካል ብዙ የማይናገር፣ ማንነቱም ያልተገለጸ ነው። በሄኖክ ግን ከዓለም በፊት የታሰበ፣ ስም ያለው፣ በዙፋን የሚቀመጥ፣ የሚፈርድ ሆኗል። ወንጌላት ስለ ሰው ልጅ ከሚናገሩት ጋር ያለው ቅርበት፣ በተለይ በማቴዎስ ምዕራፍ 25 ከተሳለው የፍርድ ዙፋን ጋር፣ ለማንም አንባቢ የሚታይ ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን አራተኛ ዋሻ የሄኖክ የአራማይስጥ ቁርጥራጮች ተገኝተዋል። እነሱን በ1976 ያሳተመው ተመራማሪ ዮዜፍ ሚሊክ፣ ከምሳሌዎቹ ክፍል አንዲት ቁራጭ እንኳ አለመገኘቷን አይቶ ክፍሉ በ3ኛው መቶ ዓመት ክርስቲያኖች የጻፉት ነው ብሎ ደመደመ። እውነት ቢሆን ኖሮ ክርክሬ በዚያው ያበቃ ነበር፤ ልጅን ለአባቱ ምስክር አድርጎ ማቅረብ ይሆናልና። ይሁን እንጂ በአንድ ማኅበር ቤተ መጻሕፍት አለመገኘት በዘመኑ አለመኖር ማለት አይደለም፤ መጽሐፈ አስቴርም በቁምራን አልተገኘም። ምዕራፍ 56 የጳርቴንና የሜዶንን ሰዎች ወረራ ሲያነሣ፣ ጳርቴዎች በ40 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ወደ ይሁዳ የገቡበት ትዝታ ገና ትኩስ ይመስላል። ከሁሉ በላይ የሚመዝነው ግን የክፍሉ መደምደሚያ ነው። በምዕራፍ 71 ሄኖክ ወደ ሰማይ ተወስዶ፣ ያ የሰው ልጅ አንተ ራስህ ነህ ይባላል። ኢየሱስን ለመስበክ የተነሣ ክርስቲያን ደራሲ ይህን ክብር ከኢየሱስ ነጥቆ ለሄኖክ እንዴት ይሰጣል? ችግሩን ታዋቂው የእንግሊዝኛ ተርጓሚ ሮበርት ሄንሪ ቻርለስም አይቶታል፤ አይቶም በትርጉሙ አንተን ወደ እርሱ ለውጦ ንባቡን ከራሱ ግምት ጋር አስማማው። የግእዝ ጸሐፊዎች፣ ምንም እንኳ ነገሩ ከሃይማኖታቸው ጋር የሚጋጭ ቢመስልም፣ እንዳገኙት ገለበጡት። ዛሬ አብዛኞቹ የመስኩ ተመራማሪዎች ክፍሉን በመጨረሻው ቅድመ ልደት መቶ ዓመትና በመጀመሪያው ድኅረ ልደት መቶ ዓመት አካባቢ የተጻፈ የአይሁድ ድርሰት ያደርጉታል።

ሌላው ጥርጣሬ ስለ ግእዙ ስለራሱ ነው። ወደ እኛ የደረሱት ጥንታዊዎቹ የሄኖክ ብራናዎች፣ ከጣና ገዳማት የተገኙትን ጨምሮ፣ ከ15ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ናቸው፤ ትርጉሙ ግን የአክሱም ዘመን ሥራ ነው፤ እሱም በብዛት ከግሪክ እንደተወሰደ ይታመናል። ሺህ ዓመት ያህል በቅጂ ሲተላለፍ የኖረን ንባብ ማመን ይቻላል? በየፊደሉ አይቻልም፤ ስሕተት፣ መዝለልና ጭማሪ አለበት። ነገር ግን ለማመሳከር የሚያስችሉት ሌሎቹ ክፍሎች ከአራማይስጡ ጋር ሲተያዩ፣ ግእዙ ዋናውን ነገር በታማኝነት እንደያዘ ታይቷል። ይህ መጠበቅ የሚያስገርም ዕጣ አለው። ፍሬምናጦስን ለአክሱም ጳጳስ አድርጎ የቀባው የእስክንድርያው አትናቴዎስ፣ በ367 በጻፈው የፋሲካ መልእክት የተቀበሏቸውን መጻሕፍት ሲቆጥር በሄኖክ ስም የሚነበቡትን ነቅፏል። የግብፅና የግሪክ አብያተ ክርስቲያናት ቀስ በቀስ ሄኖክን ሲተዉት፣ አትናቴዎስ በላከው ጳጳስ የተመሠረተችው ቤተ ክርስቲያን ግን ከቅዱሳት መጻሕፍቷ ጋር ቆጥራ አኖረችው።

ይህን ሁሉ ከተናገርኩ በኋላ የሄኖክን ምስክርነት ከሚገባው በላይ እንዳልወስደው መጠንቀቅ አለብኝ። አንዳንድ ጸሐፊዎች ክርስቲያኖቹ ያደረጉት ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ሐሳብ ለኢየሱስ ማልበስ ብቻ ነው ይላሉ። እንዲህ ቢሆን የሄኖክ አንባቢዎች ሁሉ ለሰው ልጅ የሚጸልዩ በሆኑ ነበር። በምሳሌዎቹ ያለው ስግደት የሚመጣው በፍርድ ቀን ነው፤ የሚሰግዱትም ተሸንፈው ምሕረት የሚለምኑ ነገሥታት ናቸው። መጽሐፈ ዜና መዋዕል ቀዳማዊ በምዕራፍ 29 ጉባኤው ለእግዚአብሔርም ለንጉሥ ዳዊትም ሰገደ ሲል ዳዊትን አምላክ ማድረጉ አይደለም። በሰው ልጅ ስም የተሰበሰበ፣ የተጠመቀ፣ የዘመረ፣ ማዕድ የቆረሰ ማኅበር በአይሁድ መካከል እንደነበረ የሚያሳይ ምንም ማስረጃ የለም። ስለዚህ ሄኖክ የሚያስረዳው ግማሹን ነው፦ ለአንድ አምላክ የቀና አይሁዳዊ፣ ከአምላክ ጋር በዙፋን የሚቀመጥ፣ ከዓለም በፊት የነበረ አካል ማሰብ ይችል ነበር፤ ይህን በማሰቡም አምላኩን እንደካደ አይሰማውም ነበር። የእስክንድርያው አይሁዳዊ ፈላስፋ ፊሎን የእግዚአብሔርን ቃል ሁለተኛ አምላክ እስከማለት ሲደርስ ከምኵራብ አልወጣም። ከማሰብ ወደ ማምለክ ያለውን ርቀት ግን ሄኖክም ፊሎንም አልተሻገሩትም።

ርቀቱ ምን ያህል እንደነበር የሚያሳየው ሌላ፣ ሙሉው በግእዝ ብቻ የተገኘ መጽሐፍ ነው። ዕርገተ ኢሳይያስ፣ በመጀመሪያው መቶ ዓመት መጨረሻ ወይም በሁለተኛው መጀመሪያ የተጻፈ የክርስቲያኖች ድርሰት፣ ነቢዩን ሰባቱን ሰማያት ያሳልፈዋል። በታችኞቹ ሰማያት ኢሳይያስ በዙፋን የተቀመጠውን አይቶ ሊሰግድ ሲወድቅ መሪው መልአክ ይከለክለዋል፤ በስድስቱ ሰማያት ላለ ዙፋንም መልአክም አትስገድ ይለዋል። ሰባተኛው ሰማይ ሲደርስ ግን ለአብ፣ ለተወዳጁና ለመንፈስ ቅዱስ እንዲሰግድ ይታዘዛል። የዮሐንስ ራእይም ይህንኑ ይደግማል፤ ዮሐንስ ለመልአኩ ሲሰግድ ሁለት ጊዜ ይገሠጻል፣ በምዕራፍ 5 ግን የሰማይ ሠራዊት ሁሉ ለበጉ ይሰግዳሉ። እነዚህ ጸሐፊዎች ድንበሩን አልረሱትም፤ ይልቁንም እያንዳንዱ ሰማይ ላይ ጠባቂ አቁመው ያስጠብቁታል። ኢየሱስን ያስቀመጡት ደግሞ ከመላእክት ወገን፣ ድንበሩ ላይ፣ ከፍ ባለ ማዕረግ አይደለም፤ ድንበሩን አሻግረው ከሚሰገድለት ጋር ነው። አዲሱ ነገር ይህ ነው።

ይህ ማሻገር የተፈጸመው መቼ ነው? በ1913 ቪልሄልም ቡሴት ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፍ፣ ኢየሱስን ጌታ ብሎ ማምለክ የተጀመረው በኢየሩሳሌም ሳይሆን በሶርያ ባሉት ግሪክኛ ተናጋሪ ከተሞች፣ በአረማውያን አምልኮ ጥላ ሥር ነው አለ። ጊዜው ግን አይበቃውም። ጳውሎስ በ50ዎቹ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ በምዕራፍ 2 የሚያስገባው መዝሙር የሚመስል ክፍል፣ በኢሳይያስ ምዕራፍ 45 እግዚአብሔር ለራሱ ብቻ የማለበትን የጉልበት መንበርከክ ለኢየሱስ ስም ይሰጣል፤ ብዙ ሊቃውንትም ክፍሉ ከጳውሎስ በፊት የነበረ ነው ይላሉ። በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 ደግሞ የኦሪት ዘዳግምን አዋጅ ሳይለቅ፣ አንዱን አምላክ ከአብ ጋር፣ አንዱን ጌታ ከኢየሱስ ጋር አያይዞ ያውጃል። የዚሁ መልእክት መዝጊያ ጌታን ና ብሎ የሚማጸነው በአራማይስጥ ነው፤ የቆሮንቶስ ግሪኮች ያን ልመና ከራሳቸው ሊያመጡት አይችሉም፤ የወረሱት በፍልስጥኤም ምድር ከነበሩት የመጀመሪያዎቹ አማኞች ነው። ተመራማሪው ላሪ ኸርታዶ በ1988 ያቀረበው ክርክር ከቡሴት የሚበልጠው በዚህ ነው፦ ከሥርዓቱ ጀምሮ ይቆጥራል። ጸሎት፣ ጥምቀት፣ መዝሙር፣ ማዕድ ለኢየሱስ ስም የተሰጡት ከስቅለቱ በኋላ በሃያ ዓመት ውስጥ፣ በአይሁድ መካከል ነው። በ112 ግድም የቢታንያ ገዥ ፕሊኒ ለንጉሡ ለትራያን ሲጽፍ፣ ክርስቲያኖች ጎሕ ሳይቀድ ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ ይዘምራሉ ማለቱ፣ ሲወርድ የመጣን ልማድ መመስከሩ ነው።

አሁንም አንድ ሰው፣ አረማዊው ዓለም ሰውን አምላክ ማድረግን እያስተማረ ዙሪያውን ከቦ ሳለ እንዴት ምንም አልነካቸውም ሊል ይችላል። መንካቱ ነክቷቸዋል፤ የነካቸው ግን እያስቆጣቸው ነው። በ40 ግድም ንጉሠ ነገሥት ጋይዮስ ካሊጉላ ምስሉን በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ላቁም ሲል አይሁድ አንገታቸውን ለሰይፍ አቀረቡ፤ ፊሎንም በዚያው ዘመን የእስክንድርያ አይሁድ መልእክተኛ ሆኖ ፊቱ ቆሟል። ክርስትና የተፀነሰው በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ፣ በእነዚሁ ሰዎች መካከል ነው። የሁለቱን መንገድ ልዩነት ከሩቅ ለማየት ደግሞ አክሱም ትረዳናለች። ንጉሥ ኢዛና በቀደሙት ጽሑፎቹ ራሱን የማይሸነፈው አምላክ የማሕረም ልጅ ይላል፤ በግሪክኛውም ማሕረም አሬስ ተብሎ ተተርጉሟል። ከአማልክት የሚወለድ ንጉሣዊ ዘር ማለት ይህ ነው። በኖባ ላይ ስለዘመተበት የሚናገረው የግእዝ ጽሑፍ ግን ድሉን ለሰማይ ጌታ ይሰጣል፤ በ1969 በአክሱም የተገኘው የግሪክኛ ጽሑፍም በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ አምኖ ይከፍታል፣ ንጉሡንም የክርስቶስ ባሪያ ይለዋል። በሳንቲሞቹ ላይም የቀድሞው የጨረቃና የክብ ምልክት ተነሥቶ መስቀል ገባ። የአራተኛው መቶ ዓመት ድንጋይ ለመጀመሪያው መቶ ዓመት ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ። የሚያሳየው አቅጣጫውን ነው፦ አረማዊው ሞዴል በእጁ የነበረ ንጉሥ ወደ ክርስቶስ ሲመጣ፣ የአምላክ ልጅነቱን ለራሱ አላስቀረም፤ ጣለው። እምነቱ የአረማውያን አማልክት ማፍራት ቅጥያ ቢሆን ኖሮ፣ ሊያቆየው እንጂ ሊጥለው ምክንያት አልነበረውም።

ከምኵራብ በኩል የሚመጣው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል፦ የአይሁድ አምልኮ ይህን ቢያስተናግድ ኖሮ ረቢዎቹ ለምን አወገዙት? ያወገዙት ፈተናው ከውስጥ ስለነበረ ነው። በሰማይ ሁለት ሥልጣናት አሉ የሚሉትን መናፍቃን ደጋግመው የሚነቅፉት፣ እንዲህ የሚሉ ስለነበሩ ነው፤ ተመራማሪው አላን ሲገል በ1977 ይህን በዝርዝር አሳይቷል። የባቢሎን ታልሙድ በሐጊጋ ክፍል እንደሚተርከው፣ ረቢ ኤልሳዕ ቤን አቡያ ወደ ሰማይ ሲወጣ መልአኩን ሜታትሮንን ተቀምጦ አየውና ሁለት ሥልጣናት ይኖሩ ይሆን አለ። ሜታትሮን ስለ መቀመጡ ስልሳ የእሳት ጅራፍ ተገረፈ። በኋለኛው የአይሁድ ሥነ ጽሑፍ ሜታትሮን የሚባለው ወደ ሰማይ የተወሰደው ሄኖክ ራሱ መሆኑን ስናስታውስ የግርፋቱ ትርጉም ይገለጣል፤ በግእዙ መጽሐፍ በክብር ዙፋን የተቀመጠውን ረቢዎቹ አስነሥተው ገረፉት። ክርስቲያኖቹ ዙፋኑን ይዘው ወደ ፊት ሄዱ፣ ረቢዎቹ ዙፋኑን ዘጉ፤ ሁለቱም የየራሳቸውን ድንበር ያጠሩት ከአንድ ግቢ ነው። ከራሳችን አገር ቤተ እስራኤልም ይህን ያስታውሱናል። ትእዛዘ ሰንበት የተባለው መጽሐፋቸው ሰንበትን መላእክት የሚያከብሯት፣ ስለ ነፍሳት የምትማልድ የሰማይ ንግሥት አድርጎ ያቀርባታል። መጽሐፉ ዘግይቶ የተጻፈ፣ ከክርስቲያኖች ድርሰትም የቀዳ ስለሆነ ለጥንት ዘመን ምስክር አላደርገውም። ሆኖም አንድ አምላክ የሚያመልክ አይሁዳዊ ማኅበር ይህን ያህል ከፍ ያለ የሰማይ አካል ይዞ፣ ሁለት አምላክ አለን ሳይል መኖር እንደሚችል በተግባር ያሳያል።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከአማኞች ይመጣል። ምንጩን ከታሪክ ማውጣት መገለጥን መካድ አይሆንም ወይ? አፄ ዘርዓ ያዕቆብ (1434 እስከ 1468) ለዚህ ጥሩ ተከራካሪ ናቸው። በእሳቸው ስም የሚነገረው መጽሐፈ ሚላድ ከአይሁድና መናፍቃን ከሚላቸው ከዘሚካኤል ተከታዮች ጋር ሲሟገት ሄኖክን በምስክርነት ያቆማል፤ ርእሰ መዋዕልን ለአብ፣ የሰው ልጅን ለወልድ ሰጥቶ ክርስቶስ ከዓለም በፊት መኖሩን ከዚያ ያስረዳል። ታሪክ ጸሐፊ ይህን ንባብ እንዳለ አይቀበለውም፤ የሄኖክ ደራሲ ሥላሴን አላሰበም፣ ምዕራፍ 71ም እንቅፋት ይሆናል። ሆኖም ንጉሡ ያዩት ቅርበት ምዕራባውያን ሊቃውንት ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ያዩት ነው፤ የክርስትናን ጥያቄ በአይሁድ መጽሐፍ ሚዛን ላይ ማስቀመጣቸውም ትክክል ነበር። መገለጥ አለ የሚል ሰው ተቀባዩ በምን ቋንቋና በምን ሐሳብ እንደተቀበለው መመርመርን መፍራት የለበትም፤ የለም የሚል ሰውም ምንጩን በማግኘቱ ብቻ እምነቱን አፍርሻለሁ ሊል አይችልም። ታሪክ የሚመልሰው ሐሳቡ በእነዚያ ሰዎች አእምሮ እንዴት ሊታሰብ እንደቻለ ነው፤ እውነት መሆን አለመሆኑ ሌላ ችሎት አለው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ ግልጽ ይመስለኛል። ከኒቅያ ጉባኤ (325) እስከ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ (1878)፣ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የተደረገው ክርክር ብዙውን ጊዜ በግሪክ ፍልስፍና ቃላት ስለተካሄደ፣ እምነቱም ራሱ ከግሪክ የመጣ መስሎ ይታያል። ቃላቱ ዘግይተው ቢመጡም፣ ክርክሩን ያስነሣው ነገር ግን የቀደመ ነው፦ አንድ አምላክ ብቻ ይመለካል የሚሉ ሰዎች ኢየሱስን እያመለኩ ነበር፤ ሁለቱንም ሊለቁ ስላልፈለጉ ማብራሪያ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። አንዱን ቢለቁ ኖሮ ጉባኤም አያስፈልግም ነበር። ይህን ለመረዳት የሚያስፈልጉት ኩፋሌ፣ ሄኖክና ዕርገተ ኢሳይያስ ሌላው ዓለም ሲጥላቸው ወይም ሲያጣቸው፣ የኢትዮጵያ ገዳማት በብራና እየገለበጡ አቆዩአቸው። ስለ ክርስትና አነሳስ የሚጻፍ ማናቸውም የታሪክ ሥራ ዛሬ እነዚህን ሳያገናዝብ ሊቆም አይችልም። ስለዚህ ግእዝን ማጥናት የአገር ቅርስ መጠበቅ ብቻ ተደርጎ መታየቱ ያንሰዋል፤ ከሃይማኖት ታሪክ ትልልቅ ጥያቄዎች አንዱን ለመመለስ ግድ የሆነ መሣሪያ ነው። መሣሪያው በእጃችን ሳለ ጥያቄውን ለሌሎች ብቻ መተው የሚያስወቅሰው እኛኑ ነው።